ነጭ ወይን ጠጅን ስለ መቅመስ

(በሬዲዮ ከተሰጡ ንግግሮች)



በአርሲ ነገሌ ከተማ ያለፈ መንገደኛ ስለ ከተማዪቱ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሣው አረቄዋን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና የዝዋይንና የላንጋኖን ሐይቆች ወደ ኋላ ትቶ ወደ ደጋው ሲወጡ የምትገኘው ይህች ከተማ ብቅልና ጌሾ በየጓዳው የሚደፈደፍባት፣ የሴቶች እጅ ከሌሊት ጀምሮ ከእሳት የማይለይባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ ተቀምጦ ስለ ፈረንሳይ ነጭ ወይን ጠጅ መናገር ለአንዳንዱ አድማጭ ቅንጦት መስሎ ይታየው ይሆናል። ይሁን እንጂ የዛሬው ንግግሬ መነሻ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያችው ከተማ በአንድ ምሽት ያደረግነው ቅምሻ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከዚያው ልጀምር።

ለሥራ ጉዳይ ወርጄ ሳለሁ አንድ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ በዚያ አስተማሪ የሆነ፣ ወደ ማኅበራቸው ጋበዘኝ። ማኅበር ማለቴ በወር መጨረሻ እየተሰበሰቡ መጠጥን የሚቀምሱ ሰዎች ናቸው፤ ጠጪዎች አላልኩም፣ ቀማሾች ነው ያልኩት። አስተማሪው፣ አንድ መድኃኒት ቀማሚ፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛና ሁለት የግብርና ባለሙያዎች ናቸው። እኔ ስጨመር ስድስት ሆንን። መድኃኒት ቀማሚው በሕመም ምክንያት መጠጥ ተከልክሎ ስለ ነበር አሽትቶ ብቻ መዝገብ ይይዝ ነበር። የዚያን ምሽት ሁለት ዓይነት ነጭ ወይን ጠጅ ቀርቦልናል። አንዱ በሊዮን ከተማ የሚኖር የአስተማሪው የእኅት ልጅ ያመጣው ቪዮኒዬ የሚባል ነው። ሁለተኛው ከአርሲ ነገሌ ብዙ ሳይርቅ በዝዋይ የተመረተው ሻርዶኔ ነው።

ገና ጠርሙሱ ሳይከፈት የሒሳብ ሠራተኛው ፍርዱን ሰጠ። የፈረንሳዩ እንደሚበልጥ የሚያጠራጥር አይደለም አለ፤ የዝዋዩንም ለሠርግ ቤት የሚበቃ አደረገው። ይህ ንግግር ነው ምሽቱን ሁሉ ያሠራን።

አስቀድሜ ስለ ቪዮኒዬ ጥቂት ልናገር፤ ዓመቶቹንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ቪዮኒዬ የአንድ ነጭ የወይን ዘር ስም ነው። የታወቀው መኖሪያው ከሊዮን ወደ ደቡብ ሲወርዱ በሮን ወንዝ ዳር የምትገኘው ኮንድሪዩ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ወይኑ የሚያድገው ድንጋይ በበዛበት ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ ነው፤ እንደ ኮንሶ እርከን በድንጋይ ካብ ተደግፎ ካልሆነ አፈሩ አይቆምም፣ ማረሻም አይገባበትም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፊሎክሴራ የተባለች ሥር አጥፊ ተባይ የፈረንሳይን ወይን ስትፈጅ ይህንንም አልማረችም። ቀጥሎ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጐልማሶችን ወሰደ፤ ከዚያም የፋብሪካ ደመወዝ የቀሩትን ከዳገቱ ወደ ሸለቆው አወረዳቸው። አጎራባቹ ሻቶ ግሪዬ በ1936፣ ኮንድሪዩም በ1940 በሕግ የታወቀ ስም ቢሰጣቸውም፣ ስም ብቻውን እርከን አይክብም። በ1960ዎቹ በኮንድሪዩ የቀረው የቪዮኒዬ ተክል ከ15 ሄክታር በታች ነበረ። ይህን ያህል መሬት የአንድ መካከለኛ ገበሬ ማኅበር እርሻ እንኳ አይሞላም።

ያተረፉት ጥቂት እልኸኛ ገበሬዎች ናቸው። ከእነርሱም ስሙ ከሁሉ የሚነሣው በ2017 ያረፈው ዦርዥ ቬርኔ ነው፤ ሌላው ዳገቱን እየተወ ሲወርድ እርሱ ካቡን እየጠገነ ቆየ። ዛሬ በኮንድሪዩ የተተከለው ከ150 ሄክታር በላይ ሆኗል። ዘሩም ባሕር ተሻግሮ በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ ተተክሏል፤ በደቡብ አውስትራሊያ ያሉምባ የሚባለው ድርጅት ተክሉን የጀመረው በ1980 ነው።

ይህን ታሪክ አስተማሪው ሲነግረን፣ ከግብርና ባለሙያዎቹ አንዱ «እንግዲያው ይህ የምንጠጣው ከሞት የተረፈ ነዋ» ብሎ ጽዋውን በሁለት እጁ ያዘ።

ወደ ቅምሻው ልግባ። ነጭ ወይን ጠጅ የሚባለው በእውነቱ ነጭ አይደለም፤ ከገለባ ቢጫ እስከ ወርቅማ ይደርሳል። ከቀዩ የሚለየው ፍሬው ተጨምቆ ልጣጩ ከተወገደ በኋላ ጭማቂው ብቻውን በመፍላቱ ነው። ቀማሽ በመጀመሪያ በነጭ ወረቀት ፊት ቀለሙን ያያል፤ ይህ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ዋናው ሥራ የአፍንጫ ነው። ምላስ ለይቶ የሚያውቀው ጣፋጩን፣ ጐምዛዛውን፣ መራራውን፣ ጨዋማውንና ሥጋ ሥጋ የሚለውን ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ፣ «የኮክ ጣዕም አለው» የምንለውም ጭምር፣ በጕሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። ይህን የሚጠራጠር አድማጭ ቢኖር አፍንጫውን ይዞ ቡና ይቅመስ።

ስለ ዕቃው ደግሞ ብዙ ተከራከርን። የወይን ብርጭቆ አልነበረንም። አስተማሪው ብርሌ አመጣ፤ ሐሳቡም ጥሩ ነበር፤ ምክንያቱም ሆዱ ሰፊ አንገቱ ጠባብ የሆነ ዕቃ ሽታን ያጠራቅማል፣ የፈረንጆቹም ብርጭቆ ወደ አፉ የሚጠበው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ብርሌ አንገቱ ከመጥበቡ የተነሣ አፍንጫ አያስገባም፤ ሽታው ውስጥ ታስሮ ይቀራል፣ የምታገኙት ጣዕሙን ብቻ ነው። ቀጥሎ የሻይ ብርጭቆ ሞከርን፤ አፉ ሰፊ ስለ ሆነ ሽታው ወዲያው በነነ። በመጨረሻ የቤቱ እመቤት ከቁም ሣጥን ያወጡት፣ ሆዱ ትንሽ ያበጠ የድሮ የውሃ ብርጭቆ ከሁለቱም በለጠ። እስከ ሲሶው ብቻ ቀድተን አሽከረከርነው። ሲሽከረከር ወይን ጠጁ የብርጭቆውን ግድግዳ በስሱ ይለብሳል፤ ያም ሽታው የሚነሣበትን ገጽ ያሰፋዋል። መሽከርከሩ ለማስመሰል የሚደረግ የመሰለው አድማጭ ካለ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከዚያ ፍርዱን ለመፈተን ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቀለልን። መድኃኒት ቀማሚው ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ብርጭቆ ቀዳ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የእኛ ሥራ የተለየውን ማውጣት ነበር። ይህ የሦስት ብርጭቆ ፈተና በምግብ ላቦራቶሪ የሚሠራበት ነው፤ ጥቅሙም ምንም የማያውቅ ሰው በግምት ብቻ ከሦስት አንድ ጊዜ እንደሚያገኝ አስቀድሞ መታወቁ ነው።

ከአምስታችን ያገኘነው ሁለት ነበርን። ይኸውም ዐይን ጨፍኖ ከመገመት ብዙም አይሻልም። የሒሳብ ሠራተኛው አላገኘም፤ እኔም አላገኘሁም።

ጥፋቱን ያገኘው የማይጠጣው ሰው ነው። ነጭ ወይን ጠጅ ቀዝቅዞ ይጠጣል ሲባል ሰምተን፣ ከአንድ ሆቴል በረዶ አስመጥተን ጠርሙሶቹን እስከ አንገታቸው ቀብረናቸው ነበር። ቅዝቃዜ ሲበዛ ሽታ የሚሆኑት ንጥረ ነገሮች ከፈሳሹ አይወጡም፤ መድኃኒት ቀማሚውም «በረዶ ነው ያሸተታችሁት» አለን። ቪዮኒዬን የመሰለ በሽታው የሚታወቅ ወይን ጠጅ የሚስማማው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ፈተናውን ደገምን። በዚህን ጊዜ ከአምስቱ አራታችን የተለየውን አገኘን፤ አራተኛው የሒሳብ ሠራተኛው ነበር።

ሲሞቅ የወጣው ሽታ ምን ነበር? አስቀድሞ ኮክ፣ በደንብ የበሰለ ኮክ። ቀጥሎ የብርቱካን አበባ። ከዚያ አንዱ የግብርና ባለሙያ «ድንብላል» አለና ሁላችን ሳቅንበት፤ መድኃኒት ቀማሚው ግን አልሳቀም። ሊናሎል የሚባለው ንጥረ ነገር በቪዮኒዬ ውስጥ አለ፤ የድንብላል ፍሬ ዘይትም አብዛኛው እርሱ ነው። ስለዚህ የሳቅንበት ሰው ከሁላችን ይልቅ ልክ ነበረ። በየቀኑ በቅመም መካከል የሚውል ሕዝብ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቃል ሳይኖረው አልቀረም፤ የፈረንጁን ዝርዝር ሸምድዶ ያላየውን የእንጆሪ ዓይነት ከሚጠራ፣ ያየውን ድንብላል ቢጠራ ይሻላል።

ስለ መትፋትም አንድ ነገር ልበል። የሙያው ቀማሾች ቀምሰው ይተፋሉ፤ ሃያ ዓይነት የቀመሰ ሰው ቢውጥ ሃያ አንደኛውን አይለየውም። በእኛ ዘንድ ግን በሰው ማዕድ ፊት መትፋት ነውር ነው። ማኅበሩ ነገሩን የፈታው በየተራ ወደ በረንዳ በመውጣት ነው፤ ከውጭ ያየን ጎረቤት ምን እንዳሰበ እግዚአብሔር ያውቃል።

የቤቱ እመቤት፣ በአካባቢው ልማድ «አዴ» እያልን የምንጠራቸው፣ ከአርባ ዓመት በላይ አረቄ ያወጡ ናቸው። «እስቲ እርስዎም ይቅመሱልን» አልናቸው። አሸተቱ፤ ትንሽ ተጐነጩ፤ ዝም አሉ። ከዚያም «ሽታዋ የአበባ ነው፤ ጕሮሮ ስትደርስ ግን እንደ ዳግም ታሞቃለች። ልጆቼ፣ ይህች ተንኰለኛ ናት» አሉ። ዳግም ማለት ሁለት ጊዜ የወጣ አረቄ መሆኑን አድማጮቼ ታውቃላችሁ። ጋዜጣውን ገልጠን ብናይ የፈረንሳዩ አልኮል 14 ከመቶ ነበር።

የቪዮኒዬ ጠባይ እንዲህ ነው፤ የገበሬውም ጭንቀት ከዚህ ይመጣል። ፍሬው ሽታውን የሚሰጠው ዘግይቶ፣ በስሎ ሲያበቃ ነው። ነገር ግን በየቀኑ በዘገየ ቁጥር ስኳሩ ይጨምራል፤ በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ በግምት 17 ግራም ስኳር ሲፈላ አንድ ከመቶ አልኮል ይሆናል። ጐምዛዛነቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፈጥኖ የለቀመ ገበሬ ምንም የማይሸት ውሃ ያገኛል፤ የዘገየ ደግሞ አፍ ላይ የሚከብድ መጠጥ ያገኛል። መካከሉ ጥቂት ቀን ነው። በጠጃችን ውስጥ የማርን ጣፋጭነት የጌሾ ምሬት እንደሚመክተው፣ በነጭ ወይን ጠጅም ያን ሥራ የሚሠራው ጐምዛዛነቱ ነው፤ ቪዮኒዬም በዚህ በኩል ድኻ ነው።

የዝዋዩ ሻርዶኔ በዚህ ነበር የበለጠው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከፈረንሳይ ያስመጣውን ችግኝ በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ አጠገብ ተክሎ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በ2014 ለገበያ አወጣ፤ ከሻርዶኔ ሌላ መርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን ተተክለዋል። ጅብና ጉማሬ፣ ዘንዶም ጭምር ወደ ተክሉ እንዳይገቡ ዙሪያው ቦይ ተቆፍሮለት ነበር። ስፍራው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ብቻ ስለ ሆነ የሚያየው ሰው ለወይን ይሞቃል ይላል። ያዳነው ከፍታው ነው፤ ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ነው። ማሊክ የሚባለውን የወይን ጐምዛዛ ነገር የሚያቃጥለው ሙቀት ነውና፣ የሌሊቱ ብርድ ያቆየዋል። በሌላ በኩል ተክሉን የሚያስተኛ ክረምተ በረዶ የለም፤ በአውሮፓ ውርጭ የሚያደርገውን በዝዋይ የሚያደርገው የገራዡ መቀስ ነው። ወይኑ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼም እንደሚለቀም የሚወስነው በተገረዘበት ቀን ነው።

ስሙ ተሸፍኖ በነበረ ጊዜ ከአምስታችን ሦስቱ የዝዋዩን መረጥን። አምስት ሰው ለፍርድ አይበቃም፤ እኔም ብሆን በማግሥቱ ሐሳቤን ልለውጥ እችል ነበር። ቪዮኒዬን አንድ ብርጭቆ ስጠጣው ተደነቅሁበት፤ ሁለተኛውን ግን አልፈለግሁትም። የሒሳብ ሠራተኛው ከሦስቱ አንዱ መሆኑ በመዝገብ ሲነበብ፣ መዝገቡን ተቀብሎ በገዛ እጁ ፈረመበት።

ከሁለቱ ጠርሙሶች የተረፈውን መልሰን ከድነን ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ከመነሣቴ በፊት ደግመን አሸተትነው። የቪዮኒዬው ኮክ ጠፍቶ ነበር፤ ሙቀቱ ብቻ ቀርቷል። የዝዋዩ ግን እንደ ማታው ነው ለማለት ይቻላል። አዴም የተረፈውን ቪዮኒዬ ወዴት እንዳደረጉት አልነገሩንም።

በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ ሊቀምስ ያሰበው ከሦስት ቤት የመጣ ጠጅ ነበር፤ መድኃኒት ቀማሚውም ጋዜጣ እንዳስቀምጥለት አደራ ብሎኛል።