ግድግዳ የሌለው ቤተ መዘክርና ሕፃናት

ቤተ መዘክር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በመስታወት ሣጥን የተደረደረ ዕቃና «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነው። ሕፃን ልጅን እንዲህ ወዳለው ቤት የወሰደ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «እንሂድ» የሚለው ጩኸት ይጀመራል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ስለ ሌላ ዓይነት ቤተ መዘክር፣ ይኸውም ሜዳ ላይ ስላለውና ግድግዳ ስለሌለው ነው። የምጽፈውም ባለፈው ክረምት ሁለቱን ታናናሾቼን፣ ማለት የዐሥር ዓመት እኅቴንና የሰባት ዓመት ወንድሜን ይዤ ሄጄ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

አስቀድሜ ስለ ነገሩ አመጣጥ ጥቂት ልናገር። አርቱር ሃዜሊዩስ የተባለ ስዊድናዊ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ ስካንሰን የሚባለውን ቤተ መዘክር ከፈተ። በዚያ ዘመን በአገሩ ፋብሪካ እየበዛ፣ የገበሬውም ኑሮ እየተለወጠ ሄዶ ነበርና፣ አሮጌዎቹ ቤቶች ጨርሰው ሳይጠፉ ከየአውራጃው እየተነቀሉ መጥተው እዚያ ዳግመኛ ተተከሉ። ጎብኚው ቤቱን በውጭ አይቶ ብቻ አያልፍም፤ ገብቶ ምድጃውንና የቤቱን ዕቃ በየቦታው ያያል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ይህንኑ አብነት ተከትለዋል።

ከዚህ የተለየ ሁለተኛ ዓይነት ደግሞ አለ። እርሱም ዕቃው ወደ ጎብኚው የሚመጣበት ሳይሆን ጎብኚው ዕቃው ወዳለበት የሚሄድበት ነው። ለዚህ በአገራችን ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው መልካ ቁንጡሬ ነው።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር ይገኛል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ቦታውን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ጌራርድ ዴከር የተባለ የሆላንድ ተወላጅ የውሃ ሊቅ አገኘው። ቀጥሎም ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ከባልደረቦቹ ጋር ብዙ ዓመት ቆፈረበት፤ በኋላ ሥራውን የኢጣልያ ተመራማሪዎች ቀጠሉ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ያስቈጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተውበታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ባልጪት ከሚባለው ጎረቤቱ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ባልጪት እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጥቁር የባልጩት ድንጋይ የሞላበት ስፍራ ነው፤ የጥንት ሰዎችም መሣሪያቸውን የሚሠሩበትን ድንጋይ ከዚያ ያመጡ ነበር።

እኛ ከአሶሳ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን አዲስ አበባ አጎታችን ዘንድ ከደረስን በኋላ፣ አንድ ቀን በማለዳ ወደዚያ ሄድን። በግቢው ውስጥ ማብራሪያና ልዩ ልዩ ዕቃ የያዙ ክብ ቤቶች አሉ። እኔም እንደ መምህር ሆኜ ጽሑፉን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላነብላቸው ጀመርሁ። ይህ ስሕተት ነበር። እኅቴ አዛጋች፤ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ጭቃውን ይረግጥ ጀመር። ተቈጥቼ ላስገባው ስል አስጎብኚው «ይተዉት፤ እርሱ ትምህርቱን ጀምሯል» አሉኝ። ወደ ልጁም ዝቅ ብለው «ማሙሽ፣ እግርህ ከጭቃው ላይ ምን ጻፈ?» ብለው ጠየቁት።

ከዚያም እንዲህ ሲሉ አስረዱን። በዚሁ አካባቢ፣ ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል፣ 700,000 ዓመት ያህል የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል። ሰዎቹ በውሃ ዳር ያለውን ጭቃ ረገጡ፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ሸፈነው፤ ዘመን አጠነከረው። ከዱካዎቹም አንዳንዶቹ ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ናቸው። በአጠገባቸው የድንጋይ መሣሪያና ሥጋው የተበለተ የጉማሬ አጥንት ስለ ተገኘ፣ ትልልቆቹ ሲሠሩ ልጆቹ አብረው እንደ ነበሩ ተመራማሪዎቹ ተረዱ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ የራሱን ዱካ ደጋግሞ ተመለከተና «እናታቸው አልተቈጣቻቸውም?» አለ። ከዚያ ወዲያ «እንሂድ» የሚል ቃል አልሰማሁም።

የተቈፈረው መሬት ከነድንጋዩ እንዳለ ተትቶ ጣሪያ የተሠራለትንም ስፍራ አየን። አካሄዴንም ለወጥሁ፤ ማንበቡን ትቼ «ይህ ድንጋይ በየት በኩል ይያዛል? በምኑ በኩል ይቈርጣል?» እያልሁ ጠየቅኋቸው። ብዙ ነገር አላየንም፤ ያየነውን ግን አየን።

ዳሩ ግን ልንሳፈር ስንል የወንድሜ ኪስ ከብዶ አየሁ። ብፈትሸው አንድ የባልጩት ስባሪ ወጣ። «ያገኘሁት እኔ ነኝ!» እያለ አለቀሰ። በዝናብ ተመልሰን ሄድን። አስጎብኚው አልተቈጡም፤ «ከየት አነሣኸው?» ብለው ብቻ ጠየቁት። ልጁ ወዲያና ወዲህ አየ፤ ሊያስታውሰው አልቻለም። «ማሙሽ፣ ድንጋዩን መልሰሃል። ቦታውን ግን ማን ይመልሰው?» አሉት።

ይህ አነጋገር የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ተመራማሪ የአንድን ድንጋይ ዕድሜ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከተኛበት የአፈር ድርብርብ ነው፤ ምን ይሠራበት እንደ ነበረም የሚገምተው በአጠገቡ ካለው አጥንት ወይም አመድ ነው። ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ምስክርነቱ የተቋረጠ ምስክር ነው። ሜዳ ላይ ያለው ቤተ መዘክር ለልጅ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ዕቃ ብቻውን አይናገርም፣ ከቦታው ጋር ሲሆን ይናገራል።

ወደ አሶሳ ከተመለስን በኋላ፣ ወላጆቻችን ከከተማው ውጭ ወዳለችው አያታችን ቤት ላኩን። አያታችን የበርታ ተወላጅ ናቸው። የሽመል ቤታቸው አርጅቶ ስለ ነበር የሚኖሩበት የቆርቆሮ ቤት ሊሠራላቸው ተወስኖ፣ ሌላው አጎታችን ለመሠረቱ ድንጋይ ይሰበስቡ ነበር። ከተመረጡትም ድንጋዮች አንዱ የአያታችን ወፍጮ ነበር። ወንድሜ ሮጦ ወጣበትና «ከቦታው አታንሡት!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ልጁም መሐሉ የጎደጎደውን እየዳሰሰ «ይህን የቈፈረው ማነው?» ብሎ አያታችንን ጠየቀ። «ማንም አልቈፈረው። የእናቴ እጅና የእኔ እጅ ነው» አሉት። ከዚያ ተንበርክከው፣ መጁን ይዘው፣ ማሽላ እንዴት እንደሚፈጭ አሳዩን፤ የእያንዳንዱንም ዕቃ ስም በበርታኛ ነገሩን። እኔ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ከእነዚያ ስሞች ግማሹን ያን ቀን መስማቴ አሳፈረኝ።

አጎታችን ወፍጮውን ተዉት። ቤቱ ግን ፈርሷል፤ አያታችን ዝናብ በማያስገባ ቤት ማደር ይገባቸዋልና በዚህ አላዝንም። ከመፍረሱ በፊት እኅቴና እኔ በደብተር ላይ ምድጃው የት እንደ ነበረ፣ ወፍጮው በየት በኩል እንደ ተቀመጠ፣ ጎተራው ከበሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ለክተን ሣልን። ወንድሜ እርምጃውን ቈጠረ።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ለሩቅ አገር ነው ይል ይሆናል። የስፔን ተመራማሪዎች በዚሁ በአሶሳ አካባቢ ቃአባና ቤል ቁርቁሙ በተባሉ የዓለት መጠለያዎች ቈፍረው የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ አግኝተዋል፤ የጥናታቸውም ውጤት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። እንግዲህ እኛም በሜዳው ቤተ መዘክር ላይ እንኖራለን ማለት ነው።

ስለዚህ ወላጆችና የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ ልጆችን ይዛችሁ ስትሄዱ ጥቂት አሳዩ፣ ብዙ ጠይቁ፣ ጭቃውንም ይርገጡ ተዉአቸው፤ ስትመለሱ ግን ኪሳቸውን ፈትሹ። መልካ ቁንጡሬ መሄድ የማይችል ሰው ደግሞ ደብተርና እርሳስ ይያዝና ከአያቱ ግቢ ይጀምር። የግቢው አስጎብኚ ገና በሕይወት ሳሉ ይሂድ።