የአንገት አጥንት ስብራት ያለ ኦፕራሲዮን ሲታከም

አቡ ዳቢ፣ አል ናህያን ሰፈር ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። መጋረጃ ላወርድ ወጥቼ ከመሰላል በጭንቅላቴ ወደቅኩ። ማዳም እጄን ይዛ ልታስነሳኝ ስትል «አትንኪኝ!» ብዬ ጮህኩ። ደግ አደረግኩ። አንገቱ የተጎዳ ሰው ባለበት ሆኖ 998 ደውሎ አምቡላንስ ይጠራለታል እንጂ በታክሲ አይወሰድም። ማሸትማ በጭራሽ፣ ወጌሻም ቢሆን።

ሲቲ ስካን ሲነሳ ሁለተኛው የአንገት አጥንቴ ተሰብሯል። ከራስ ቅል ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ አጥንቶች ጭንቅላትን ይሸከማሉ፤ አንገት ሲዞር ግማሽ ያህሉ እንቅስቃሴ የእነሱ ነው። ህብለ ሰረሰር በውስጣቸው ስለሚያልፍ ነው ጉዳቱ የሚያስፈራው።

ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም ሲሉኝ «ሐበሻ ስለሆንኩ ንቀውኝ ነው» ብዬ አለቀስኩ። ለካ አጥንቱ ከቦታው ብዙ ካልሸሸና ህብለ ሰረሰሩ ካልተነካ፣ እንዳይንቀሳቀስ ከተያዘ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገጥማል። ለአንዳንዱ ጠንካራ ኮላር ይበቃዋል። ለእኔ ሄሎ የሚባለውን አደረጉልኝ፦ የብረት ቀለበት በአራት ብሎን ራስ ቅል ላይ ይያዝና በዘንግ ከደረት ሰደርያ ጋር ይያያዛል። ብሎኑ የሚገባበትን ቦታ ብቻ ነው የሚያደነዝዙት። ሕመሙ ከፈራሁት አነሰ፤ እንቅልፉ ግን ከፈራሁት ባሰ።

የብሎኖቹ ዙሪያ ነርስ እንዳሳየቻችሁ ይጸዳል። ማንም ዘንጉን ይዞ አያንሳችሁ። መግል፣ ትኩሳት፣ የላላ ብሎን፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ መዋጥ ማቃት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የቤት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ በዓመት 30 ቀን ነው፤ 15ቱ በደመወዝ፣ 15ቱ ያለ ደመወዝ። አጥንት ደግሞ በ30 ቀን አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ግን ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው በአጠቃላዩ የሠራተኛ ሕግ መሠረት እንዲክስ ያዛል፤ በዚያ ሕግ ሕክምናው እስኪያልቅ፣ ቢበዛ እስከ 6 ወር፣ ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ «ወደቅኩ» ብላችሁ አትተዉት፤ «ሥራ ላይ ሆኜ፣ መጋረጃ ሳወርድ ወደቅኩ» በሉ። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ እንዲጻፍ አድርጉ፣ ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ማዳም «ቤቷ ስትጫወት ነው» ብላ አስጽፋ ኖሮ፣ እኔ ያስቀየርኩት በሦስተኛው ቀን ነው። አሠሪ እምቢ ካለ የሠራተኛ ሚኒስቴር ስልክ 600590000 ነው።

ሄሎው በ11ኛው ሳምንት ተፈታልኝ፤ ከዚያ ኮላርና ፊዚዮቴራፒ ቀጠለ። ዛሬም ሰው ከኋላ ሲጠራኝ በሙሉ ሰውነቴ ነው የምዞረው።