ስትሮክን ከሐሰተኛ የምስል ምልክት መለየት

በኤምአርአይ ምርመራ አዲስ ስትሮክን ቀድሞ የሚያሳየው ዲፊውዥን የሚባለው የምስል ዓይነት ነው። የሚለካውም የውሃ ሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ ነው። የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ኦክስጅንና ስኳር ይቋረጣሉ፤ ሶዲየምን ከሕዋሱ የሚያስወጣው ፓምፕም ጉልበት አጥቶ ይቆማል። ሶዲየም ውሃን አስከትሎ ስለሚገባ ሕዋሱ ያብጣል፣ የውሃው እንቅስቃሴም ይገደባል። በዚህ ምክንያት የተጎዳው ቦታ በምስሉ ላይ ይነጣል። ማይክል ሞስሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 በድመቶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ለውጡ በሌሎች ምስሎች ላይ ከመታየቱ አስቀድሞ በዲፊውዥን እንደሚታይ አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ በዲፊውዥን የነጣ ሁሉ ስትሮክ አይደለም። አንዱ አሳሳች ምክንያት ከምስሉ አሠራር ይመነጫል። ዲፊውዥን ቲ2 በሚባለው የሕብረ ሕዋስ ባሕርይም ስለሚነካ፣ ውሃ ያዘለ የቆየ ጠባሳ እንደ አዲስ ጉዳት ሊነጣ ይችላል። ይህን የሚያጣራው ኤዲሲ የሚባለው ካርታ ነው፤ የቲ2ን ተጽዕኖ በስሌት አስወግዶ የውሃውን እንቅስቃሴ ብቻ ያወጣል። አዲስ ስትሮክ በዲፊውዥን ነጥቶ በኤዲሲ ይጠቁራል፤ የቆየ ጠባሳ ግን በኤዲሲ አይጠቁርም። ስትሮኩ ከደረሰ ከሳምንት ገደማ በኋላ የኤዲሲው ጥቁረት እየለቀቀ ስለሚሄድ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌላው አሳሳች ምክንያት የአየርና የአጥንት መገናኛ ነው። ዲፊውዥን በከፍተኛ ፍጥነት የሚነሣ ምስል በመሆኑ የመግነጢሳዊው መስክ መዛባት በቀላሉ ያበላሸዋል። መስኩ የሚዛባው በተለይ በሳይነስና በጆሮ አጥንት አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ሐሰተኛ ንጣት በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ታችኛ ክፍልና በጆሮ ግንድ በኩል ይዘወተራል። የጥርስ ማስተካከያ ሽቦና ሌላ ብረትም መዛባቱን ያባብሳሉ። እንዲህ ያለው ንጣት አጥንቱን ተጠግቶ፣ ብዙ ጊዜም በግራና በቀኝ ተመሳስሎ ይታያል፤ አካባቢውም ተለጥጦ ወይም ተጣሞ ይገኛል። ምርመራው በሌላ አቅጣጫ ሲደገም ቅርጹ ይለወጣል ወይም ይጠፋል። እውነተኛ ስትሮክ ግን በዚያው ቦታ ይገኛል።

የታካሚው መንቀሳቀስና የደም ሥር ትርታም ጥላ ይፈጥራሉ። ጥላው በአንድ አቅጣጫ ተደጋግሞ ይሰለፋል፤ አንዳንዴም ከራስ ቅሉ ውጭ ይዘልቃል። ፍሌር በሚባለው ምስል ደግሞ የአንጎል ፈሳሽ ፍሰት ራሱ ነጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ንጣቱ ያረፈው ግን በፈሳሹ ላይ ነው።

ከምስሉ ጎን ለጎን ሁለት ነገሮች ይመረመራሉ። ንጣቱ አንድ የደም ሥር ከሚመግበው ክልል ጋር መጣጣም አለበት፤ ከታካሚው ምልክትም ጋር መስማማት ይኖርበታል። ለምሳሌ የቀኝ እጅና እግር መድከም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከግራ የአንጎል ክፍል ጉዳት ነው። ከስትሮክና ከሐሰተኛ ምልክት ሌላ ሦስተኛ ዕድልም አለ፦ የሚጥል በሽታ፣ የደም ስኳር ማነስና መግል የቋጠረ የአንጎል ቁስል የውሃውን እንቅስቃሴ በእርግጥ ይገድባሉ። እነዚህ የምስል ስህተት ባይሆኑም ስትሮክም አይደሉም፤ የሚለዩት በሕመሙ ታሪክና በደም ምርመራ ጭምር ነው።

ተቃራኒው ስህተትም ያጋጥማል። በአንጎል ግንድ ላይ የደረሰ ትንሽ ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በዲፊውዥን ላይታይ ይችላል። ደም የረጋበትን ሥር የሚከፍተው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4.5 ሰዓት ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ ደም የማፍሰስ አደጋም አለው። ስለዚህ ሐሰተኛ ንጣት ታካሚውን ለማያስፈልግ አደጋ ሊያጋልጥ፣ ያልታየ ስትሮክ ደግሞ የሕክምናውን ጊዜ ሊያሳልፍ ይችላል። ምልክቱ የስትሮክ ሆኖ ምስሉ ንጹሕ ሲሆን የሐኪሙ ምርመራ ክብደት ይሰጠዋል፤ ኤምአርአዩም ይደገማል።