የሬዲዮው ድንጋይ ያለቀ ዕለት

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች ያለው አሳቤ ባልንጀሮቼን የመንግሥት ሠራተኞችን ይጠቅም እንደሆነ በዓምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በ1970ዎቹ ዓመታት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ወደ ሰላ ድንጋይ ተመደብሁ። ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ይቀመጡባት የነበረች ጥንታዊት ከተማ መሆኗን ባውቅም፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነበርሁና ምደባው ግዞት መስሎ ታየኝ። ከቢሮ ወጥቶ እስከ መኝታ ያለውን ሰዓት የማሳልፍበት ነገር አጣሁ። ብርዱም አጥንት ዘልቆ የሚገባ ነው። ስለዚህ እግሬ ወደ አረቄ ቤት ለመደ፤ ሦስት ወር ሳይሞላም የደመወዜ እኩሌታ በዱቤ ደብተር ላይ ሰፈረ።

ከዚህ ያወጣኝ ምክር አይደለም፤ ምክርማ ሞልቶ ነበር። ያወጣችኝ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ናት። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅቱ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ አንባቢነት ያሰማ ነበር። አከራዬ እማማ ፊደል አልቆጠሩም። በመጀመሪያው ማታ ከደጃፍ ቆመው ሰሙ፤ በሁለተኛው ባናቸውን ተከናንበው ገቡ፤ በሦስተኛው ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ቀደም ብሎ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ወይም የአስናቀች ወርቁ ክራር ሲሰማ ቡናው ይፈላል፤ ወጋየሁ ሲጀምር ግን ስኒ እንኳ የሚያነሣ አልነበረም።

አንድ ማታ የሬዲዮው ድንጋይ አለቀ። ቀን ፀሐይ ላይ ብናሰጣውም እንቢ አለ፤ በሱቅም አልተገኘ። ሰዉ ተሰብስቧል። እኔም አፍሬ፣ «መጽሐፉ እኮ አለኝ» አልሁ። ከሻንጣዬ ሥር ሳልገልጠው የቆየ ነበር።

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ወር ምን ስትሠራ ከረምህ ልጄ?» አሉኝ እማማ። መልስ አልነበረኝም።

ትረካው ካቆመበት ቀጥዬ በፋኖስ ማንበብ ጀመርሁ። አንዱን ገጽ ሳልጨርስ፣ «ቆይ እስቲ! ፊታውራሪ መሸሻ እንዲህ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይናገሩም፤ ቆጣ በል እንጂ!» ብለው አረሙኝ። ከዚያ ወዲህ ለፊታውራሪው መቆጣትን፣ ለጉዱ ካሣ ማሽሟጠጥን፣ ለሰብለ ወንጌል ድምፄን ዝቅ ማድረግን ተማርሁ። የአረቄ ቤቱም ዱቤ በዓመቱ ተከፍሎ አለቀ። ለዕረፍት አዲስ አበባ ሄጄ ያየሁትን የህንድ ፊልም ተመልሼ የምተርከው ለእነዚሁ ሰዎች ነበር፤ «ዘፈኑስ?» ብለው ሲጠይቁኝ ብቻ እቸገር ነበር።

ስዛወር መጽሐፉን ለእማማ ትቼ ሄድሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለለቅሷቸው ብመለስ፣ የልጅ ልጃቸው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተሸፍኖ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የተበላ መጽሐፍ አመጣችልኝ። «አያቴ የሰው ዕቃ ነው፤ ከመጣ መልሱለት ብላ ነበር» አለችኝ።

ያን መጽሐፍ በቅርቡ ሩቅ ወረዳ ለተመደበው ልጄ ላክሁለት። በስልኩ ውስጥ የዓለም ዘፈንና ፊልም ሞልቶለት ሳለ «ብቸኝነቱ ከበደኝ» ይለኛል። «ከማን ጋር ነው የምትሰማው?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። ለካ ሁሉን የሚሰማው ጆሮውን ደፍኖ ለብቻው ኖሯል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ዘፈንም፣ መጽሐፍም፣ ፊልምም እንደ ቡና ናቸው፤ ጎረቤት ተጠርቶ ሲጠጣ ይጣፍጣል። ወደ ቀበሌያችሁ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከአረቄ ቤቱ በፊት እናንተ ጥሩት። የተዋሳችሁትንም መጽሐፍ እንደ እማማ መልሱ።

ልጄ ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ «አባዬ፣ ፊታውራሪው እንዴት ነበር የሚቆጡት?» ሲል ጠየቀኝ። ከበስተኋላው የስኒ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ