በክረምት ልጆቻችን ይጫወቱ

ትምህርት ቤት ሰኔ መጨረሻ ገደማ ይዘጋል። እስከ መስከረም ድረስ ልጆቻችን ከእኛው ጋር ይከርማሉ። ክረምት ለገበሬ የሥራ ጊዜ ነው። እርሻው፣ ዘሩ፣ አረሙ ሁሉ የሰው እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ «ልጆች በክረምት ይጫወቱ» ስንል አንዳንዱ አባት «የገበሬ ልጅ መቼ ቁጭ ብሎ ያውቃል? ሥራው መች አነሰው?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቲ አብረን እንመርምረው።

መጀመሪያ እረኛውን ልጅ እንመልከት። ጠዋት ከብቱን ይነዳል፤ ማታ ይመልሳል። በመካከሉ ግን ገሳውን ለብሶ፣ ድንጋይ ላይ ተኩራምቶ ብዙ ሰዓት ይቀመጣል። ቤት የምትውለዋስ ልጅ? ውሃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ታናሿን ታዝላለች። ደከመች እንጂ አልተጫወተችም። ዝናቡ ሲጠና ደግሞ ትንንሾቹ ምድጃ ዙሪያ ተኮልኩለው ጭስ ሲምጉ ይውላሉ። ጭስ ሳንባን ይጎዳል።

ሥራ መልካም ነው፤ ልጅ ሥራ መልመድ አለበት። ነገር ግን ሥራ ሁሉ ጨዋታን አይተካም። ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም የልጅን ወገብና አንገት ያሳምማል። ልጅ ሲሮጥና ሲዘል ግን መላ ሰውነቱ ይሠራል። ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ሳንባው ብዙ አየር ይስባል፤ አጥንቱና ጡንቻው ይጠነክራል። ሲደክመው ደግሞ ራሱ ያርፋል። በዚያ ላይ ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን፣ ከጓደኛ ጋር መስማማትን ይማራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በደንብ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። 60 ደቂቃ አንድ ሰዓት ነው። ከቀኑ ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ለልጅ መስጠት ያቅተናል?

ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የማያውቅ የለም። እሱም በአሰላ አካባቢ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። እየሮጠ ይሄዳል፤ እየሮጠ ይመለሳል። በኋላ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ሩጫ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ልጅ ሁሉ ኃይሌ አይሆንም። ነገር ግን ጠንካራ ልብና ጠንካራ እግር ሞፈር ለሚይዘውም፣ ደብተር ለሚይዘውም ይጠቅማል።

ጨዋታ ገንዘብ አይጠይቅም። አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ትግል፣ የጨርቅ ኳስ ሁሉም አገራችን ያሉ ናቸው። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፤ ይህ ክንድን ያጠነክራል። ጅራፉ ዓይን እንዳይመታ ግን ተራራቀው ይቁሙ። ዝናብ ሲሆን ጭስ በሌለበት ጣራ ሥር ገመድ መዝለል ወይም እስክስታ መውረድ ይቻላል።

ጥንቃቄም አለ። ክረምት ወንዝ ይሞላል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ሆኖ ላይኛው አገር ከዘነበ ደራሽ ውሃ በድንገት ይመጣል። ስለዚህ ልጆች በክረምት ወንዝ ውስጥ አይዋኙ፤ ወንዝ ዳርም አይጫወቱ። መብረቅ ሲያጉረመርም ጨዋታው ይቁምና ወደ ቤት ይግቡ። ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው። ከጨዋታ በኋላ እርጥብ ልብስ ይቀይሩ፤ እግራቸውን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ። ቀይ አፈር ባለበት ደጋ አገር በባዶ እግር መሄድ ውሎ አድሮ እግርን ሊያሳብጥ ይችላል። ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይህን ይከላከላል። የታመመ ወይም የራበው ልጅ ደግሞ «ሩጥ» አይባልም፤ መጀመሪያ ይታከም፣ ይብላ።

«ታዲያ ከብቱን ማን ይጠብቅ?» እንባል ይሆናል። ጎረቤታሞች ከብታቸውን አንድ ላይ አድርገው በተራ ቢያስጠብቁ የአንዱ ልጅ ተራ ሲሆን ሌሎቹ ያርፋሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ! ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ወንድም ውሃ ቢቀዳ እህቱ የጨዋታ ሰዓት ታገኛለች። ወንዱ ልጅ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ሴቷ ከማጀት የምትቀር ከሆነ ግማሽ ልጆቻችንን ረሳናቸው ማለት ነው። የሷም አጥንት መጠንከር ይፈልጋል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ እራት ላይ እንነጋገርበት። የልጆቹ የጨዋታ ሰዓት የትኛው እንደሚሆን እንወስን። መስከረም ሲጠባ ጤነኛና ንቁ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት እንልካለን።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በእናንተ ቤት ሴቷ ልጅ በቀን ስንት ሰዓት ትጫወታለች? ወንዱስ?
2. በሠፈራችሁ ልጆች ሊጫወቱበት የሚችሉ፣ ከወንዝ የራቀ ሜዳ የት አለ?
3. ከብት በተራ ለማስጠበቅ ከየትኞቹ ጎረቤቶች ጋር መስማማት ይቻላል?