የጣና ሐይቅ የመርከብ ትራንስፖርት ታሪክና የዕድገቱ ገደብ፦ ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ሲታይ

ከሸሕዲ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ በአይከል በኩል ወደ አዘዞ ይወጣል፤ ከዚያም በማክሰኝት፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ አድርጎ የጣናን ሐይቅ በሰሜንና በምሥራቅ ይዞራል። በካርታ ላይ ሲታይ ግን በመነሻውና በመድረሻው መካከል ሐይቁ ራሱ ተዘርግቶ ይገኛል። በሰሜን ምዕራብ ዳርቻው ያለችው ደልጊ ከጭልጋ፣ ጎርጎራም ከአዘዞ እጅግ የራቁ አይደሉም። በሁለቱም ቦታዎች መርከብ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመላለስ ኖሯል። ይሁን እንጂ ለቆላው ሕዝብ ሐይቁ ዛሬም የሚዞሩት እንጂ የሚሻገሩት ነገር አልሆነም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በጣና ላይ የመርከብ አገልግሎት የሰጠውን ድርጅት ታሪክ ባጭሩ ማቅረብና ለምን እንዳላደገ መመርመር ነው። ጉዳዩ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የመርከቦቹ ማርጀትና የካፒታል እጥረት ነው። ይህ ትክክል ቢሆንም በቂ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው፣ ድርጅቱ ያላደገበት ዋና ምክንያት የሚሄድበት የውሃ ከፍታና በወደቡ ላይ የሚጠብቀው መንገድ፣ ሁለቱም፣ በሌሎች አካላት ውሳኔ ሥር መኖራቸው ነው።

ከታንኳ ወደ ናቪጋታና

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከስፋቱ አንጻር ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ይህ የጥልቀት ነገር ኋላ እንደሚታየው ለመርከብ ሥራ ወሳኝ ነው። የሐይቁ ነባር መጓጓዣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሲሆን፣ የአሠራር ጥበቡም በተለይ ከወይጦ ማኅበረሰብ ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ከጥቂት ወራት አገልግሎት በኋላም በሌላ ይተካል። ዕድሜው አጭር ቢሆንም ጥሬ ዕቃው ከዳርቻው ይገኛል፤ ወደብ አይፈልግም፤ ጥልቀት በሌለው ውሃም ይሄዳል። በኋላ የመጡት የብረት መርከቦች እነዚህን ሦስት ጠባዮች በአንድነት አልያዙም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ተነሥቶ በጎንደር አድርጎ ወደ መተማ ይወርድ የነበረው የሲራራ ንግድ በዋነኛነት በሐይቁ ዙሪያ ባለው የየብስ መንገድ የሚካሄድ ነበር። ታንኳ የሚያገለግለው ለአጭር ርቀት ነው፤ የዘጌን ቡናና ማገዶ፣ የደቅን እህል ወደ ቅርብ ገበያ ያደርሳል። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ሐይቁንና የዓባይን ተፋሰስ በዝርዝር መርምሮ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። እርሱ በተዘዋወረበት ዘመን የሐይቁ መጓጓዣ ይኸው ታንኳ ነበር።

ለውጡ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ወራሪው ኃይል ጎንደርን የ«አማራ ግዛት» ብሎ የሰየመው አስተዳደር መቀመጫ ሲያደርግ፣ ለከተማዪቱ ቅርብ የሆነችው ጎርጎራ የሐይቁ ሰሜናዊ በር ሆነች፤ በዚያ ዘመን የቆመው ሐውልትም ዛሬ ድረስ በጎርጎራ ይታያል። በሞተር የሚንቀሳቀሱ ጀልባዎች ባሕር ዳርንና ጎርጎራን ማገናኘት ጀመሩ። «ናቪጋታና» የሚለው የኩባንያ ስምም በሐይቁ ታሪክ ውስጥ የገባው ከጣሊያኖች ጋር ተያይዞ ነው። ስሙ ከጣሊያንኛው የመርከብ ጉዞ ቃልና ከሐይቁ ስም የተገጣጠመ ሲሆን፣ ከነፃነት በኋላም በባሕር ዳር ነዋሪዎች አንደበት ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። አገልግሎቱ በኋላ «የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት» በሚል መጠሪያ በመንግሥት ይዞታ ሥር ቀጠለ።

የድርጅቱ ዋና መስመር ሳምንታዊ ነበር። መርከቡ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅ ደሴትንና ቁንዝላን እየነካ፣ ሌሊቱን ቁንዝላ አድሮ፣ በማግሥቱ በደልጊ በኩል ጎርጎራ ይደርስ ነበር። መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ይህን ፍጥነት ከአውቶቡስ ጋር አነጻጽሮ ማሾፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ክረምት ሲገባ ጭቃ ለሚዘጋባቸው የምዕራብ ዳርቻ ቀበሌዎች መርከቡ ከገበያ፣ ከሐኪምና ከትምህርት ቤት የሚያገናኝ ብቸኛ አስተማማኝ መንገድ ሆኖ የቆየባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

መርከብ ወደ ሐይቅ እንዴት ይገባል?

ከጣና የሚወጣው ዓባይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወርዳል። ስለዚህ ከውጭ በውሃ ተጉዞ ጣና የሚገባ መርከብ ሊኖር አይችልም። እያንዳንዱ መርከብ ወይ እዚያው ዳርቻ ላይ ይሠራል፣ ወይ ተፈታትቶ ይመጣና ይገጣጠማል፣ ወይ ሙሉውን በመኪና ተጭኖ ይጓጓዛል። ችግሩ የጣና ብቻ አይደለም። በታንጋኒካ ሐይቅ የምትታወቀው «ሊምባ» በ1913 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ተሠርታ፣ ተፈታትታ በሣጥን ተጭና፣ በመርከብና በባቡር ከሐይቁ ደርሳ በ1915 እ.ኤ.አ. ወደ ውሃ ገብታለች። ይህ ለአንድ መርከብ የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ድርጅቱ ያረጀውን ሸጦ አዲስ የሚገዛበትን ገበያ ይዘጋበታል። በባሕር ላይ የሚሠራ ኩባንያ ያረጀ መርከቡን ለሌላ አገር ኩባንያ ይሸጣል፤ የጣና መርከብ ግን ከጣና ውጭ ገዢ የለውም።

እዚህ ላይ የስካንዲኔቪያ አገሮችን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። የዴንማርኩ ዲኤፍዲኤስ በ1866 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የእንፋሎት መርከብ ኩባንያዎችን በማዋሐድ ነው። የስዊድኑ ስቴና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከየተቦሪ ማዶ ወዳለው የዴንማርክ ጠረፍ መንገደኛ በማመላለስ ጀምሮ ዛሬ በአውሮፓ ከታላላቆቹ አንዱ ሆኗል። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ አስተማሪ የሚሆነው ግን የዴንማርክ መንግሥት ባቡር ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታላቁ ቤልት ወሽመጥ ላይ ባቡሩን ከነፉርጎው መርከብ ውስጥ እያስገባ ያሻግር ነበር። መንገደኛው አይወርድም፤ ጭነቱም አይራገፍም። መርከቡ የባቡር ሐዲዱ ቅጣይ ነበር ለማለት ይቻላል። የጭነት መኪና በተስፋፋ ጊዜም ሌሎቹ ኩባንያዎች ያደጉት በዚሁ መላ፣ መኪናውን ከነጭነቱ በመጫን ነው። በታላቁ ቤልት ላይ ቋሚ መሻገሪያ ተሠርቶ በ1997 ለባቡር፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ለመኪና ሲከፈት መርከቡ ሥራውን ለመሻገሪያው አስረከበ።

የጣና መርከቦች ግን ሰውና ጆንያ እንጂ የጭነት መኪና አይጭኑም። ልዩነቱን ለማየት አንድ ኩንታል እህል ከባሕር ዳር ወደ ሸሕዲ ሲሄድ ስንት ጊዜ በሰው ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ መቁጠር ይበቃል። በመኪና ከሄደ ሁለት ጊዜ ነው፤ መጫንና ማራገፍ። በመርከብ ከሄደ ከመጋዘን ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ወደብ፣ ከወደብ ወደ መርከብ፣ ጎርጎራ ላይ ከመርከብ ወደ ዳር፣ እንደገና ወደ መኪና፣ በመጨረሻም ወደ ሸሕዲ መጋዘን፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ይሆናል። መርከብ በነዳጅ የሚያተርፈውን የወዛደር ክፍያና የመጠበቂያ ጊዜ ይበላዋል። በሐይቁ ዙሪያ ያለው የአስፋልት መንገድ ሲሻሻል ነጋዴው ከወደቡ የራቀው በዚህ ስሌት እንጂ ውሃን ጠልቶ አይደለም።

ሐይቁ የማን ነው?

ሁለተኛው ገደብ ከመጀመሪያው የጠለቀ ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ ጣና የተነሣው የውሃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራበት ሲባል ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የቅየሳ ቡድኖችም ሐይቁን የተመለከቱት እንደ ውሃ ማጠራቀሚያ እንጂ እንደ መንገድ አልነበረም። ይህ አመለካከት እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በሐይቁ መውጫ ላይ የሚገኘው የጨራ ጨራ ግድብ የመጀመሪያ ምዕራፍ በ1996፣ ሁለተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ተጠናቅቆ የዓባይን ፍሰት ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች እንዲመች አድርጎ ይመጥናል። በ2003 እ.ኤ.አ. ዝናብ ካነሰበት ዓመት ቀጥሎ ለኃይል ማመንጫ ብዙ ውሃ በመለቀቁ የሐይቁ ከፍታ እጅግ ዝቅ አለ። ዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ በሐይቁ ላይ ያሉ መርከቦች ለመጓዝ የሚያስፈልጋቸው ዝቅተኛ ከፍታ 1,784.75 ሜትር ነው። በዚያ ዓመት ውሃው ከዚህ በታች ወርዶ የመርከብ ጉዞ ለአራት ወራት ያህል ተቋርጧል። ከተለመደው ከፍታ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን ዳርቻው ለጥ ያለ በመሆኑ አንድ ሜትር ሲወርድ ውሃው ከወደቡ ርቆ ይሸሻል። ያ ዓመት ለድርጅቱ የብልሽት ወይም የገበያ ዓመት አልነበረም፤ መርከቦቹ ደኅና ሆነው፣ መንገደኛውም እየጠበቀ፣ መንገዱ ራሱ ተወሰደ።

በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ከሐይቁ ምዕራብ በዋሻ የሚወጣ ሌላ ፍሰት ተጨመረ። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት በተፋሰሱ የታቀዱት የልማት ሥራዎች ሁሉ ቢፈጸሙ የሐይቁ አማካይ ከፍታ በ0.44 ሜትር ሊቀንስ እንደሚችልና በደረቅ ዓመታትም ጉዞ የሚቋረጥበት ጊዜ እንደሚረዝም ያሳያል። ኤሌክትሪክ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ከአንድ የመርከብ ድርጅት ገቢ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም እንዲህ ያለ ክርክር አያነሣም። ነገር ግን ኪሳራው በስሌቱ ውስጥ አለመግባቱ፣ የቁንዝላና የደልጊ ነዋሪ ለጠፋበት መንገድ ምትክ አለማግኘቱ፣ እንደ ቀላል ጉዳይ ሊታለፍ አይገባም። ከዚህ ሁሉ በኋላ እምቦጭ መጣ። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታወቀው ይህ አረም ለዓሣ አስጋሪውም ለጀልባውም መግቢያ መውጫ የሚያሳጣ ሆኗል።

አዲሱ ባለቤት

በቅርብ ዓመታት የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት አገልግሎት ወደ ኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ተዛውሯል። ይህ ተቋም በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ተተኪ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ከደረቅ ወደብና ከማሪታይም ትራንዚት አገልግሎት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ አሁን ያለውን ቅርጽ ይዟል። አገሪቱ ወደብ አልባ ሆና መርከብ ይዛ መቆየቷ ለውጭ ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ የተቋሙ ዕድገት ግን የመጣው ከመርከቡ ብቻ ሳይሆን መርከብን፣ የጭነት መኪናንና እንደ ሞጆ ያሉ ደረቅ ወደቦችን በአንድ ሰነድ ከማያያዙ ነው። ለጣና አዲስ መርከብ «ጣናነሽ ሁለት» ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ተጭና በየብስ ጉዞ ስትጀምር ሕዝቡ በየከተማው ወጥቶ ያያት መርከቧን ብቻ አልነበረም፤ ከላይ የተነሣውን የ«እንዴት ይገባል» ጥያቄ ክብደትም በዐይኑ አይቷል።

የተቋሙ ትኩረት እስካሁን ወደ ቱሪዝም ያዘነበለ ይመስላል። ገዳማቱ፣ የጎርጎራ አዲስ መዝናኛና የባሕር ዳር ሆቴሎች ገቢ ስለሚያስገኙ ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ አለ፤ ወረታ ደግሞ ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሩቅ አይደለም። መርከብ፣ መኪናና ደረቅ ወደብ በአንድ ባለቤት እጅ ከተገናኙ፣ መኪናን ከነጭነቱ የሚያሻግር ጠፍጣፋ መርከብ ከምሥራቅ ዳርቻ ወደ ደልጊ ወይም ጎርጎራ ማሠራት የማይቻል ሐሳብ አይሆንም።

የሚጫነው ምን ይሆናል የሚለውን ግን በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል። የመተማ ሰሊጥ በምርት ገበያ በኩል አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ በመሆኑ፣ ሐይቁን በመርከብ ቢሻገርም ወረታ ላይ ተመልሶ በመኪና መጫኑ አይቀርም፤ ስለዚህ የሰሊጡ ነገር ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ተስፋ ያለው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶና የጎጃም እህል ወደ ጣቁሳ፣ ወደ ጭልጋና ወደ ቆላው ሲገባ፣ እንዲሁም በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋ ወደ መተማና ቋራ እርሻዎች የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሲጓጓዝ።

ከሸሕዲ ተነሥቶ የሚማር ወይም የሚነግድ ሰው ይህን ጉዳይ ከገንዘብ ስሌት ውጭም ያየዋል። ከአዘዞ መተማ ያለው መንገድ በጸጥታ ምክንያት በተቋረጠባቸው ሳምንታት በሸሕዲ ገበያ የጨውና የዘይት ዋጋ ማን እንደሚወስነው ግልጽ ሆኖ ይታያል። የሐይቅ መስመር ይህን መንገድ በሙሉ አይተካም፤ ከደልጊ ወደ አይከል የሚወጣው መንገድ ራሱ ከዋናው ጋር የሚገናኝ ስለሆነ ከአይከል በታች ያለው ክፍል ሲዘጋ ምንም አይጠቅምም። ከአይከል በላይ ያለው፣ ማለትም የአዘዞና የወረታ መሥመር ሲዘጋ ግን ሐይቁ ብቸኛው ሌላ በር ነው። ያ በር በየትኛው ወር ስንት ሜትር ውሃ እንደሚኖረው አስቀድሞ የሚያውቀው ደግሞ የመርከቡ ካፒቴን ሳይሆን በጨራ ጨራ የግድቡን በሮች የሚከፍተውና የሚዘጋው መሥሪያ ቤት ነው።