ክለሳ ለምን ያስፈልገናል?

ክለሳ ለፈተና ዋዜማ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እያጠና ባደረገው፣ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ መርሳት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑን፣ ቀኑ ሲገፋ ግን ፍጥነቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የአገራችን የቆሎ ተማሪም ከመምህሩ የተቀበለውን ማታ በጨለማ በቃሉ ሲወጣው ያመሻል።

ስለዚህ የዛሬውን ትምህርት ዛሬ ማታ፣ ነገ፣ ደግሞም ከሳምንት በኋላ ደብተር ዘግተን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ያቃተንን ብቻ ገልጠን እንይ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ታክሲ ስንጠብቅም እርስ በርስ መጠያየቅ እንችላለን፤ ወጪ የለውም።

ነገ እኮ ሰሌዳ ፊት የምንቆመው እኛው ነን። እኛ የረሳነውን ተማሪዎቻችን ከማን ይማሩታል?